ነገርን ከሥሩ፦ ስለ ቤት እንስሶቻችን ሕመም
(በሐረር ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



ይህች ከተማ እንስሳን አይታ ነገር መረዳት የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በዓሹራ ሌሊት ለጅቦች ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርባል። ጅቡ ደህና አድርጎ ከበላ ዓመቱ መልካም ይሆናል ተብሎ ይታመናል፤ አሽትቶ ትቶት ከሄደ ሽማግሌዎች ይጨነቃሉ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝና ስለ መጪው ዓመት የምለው የለኝም። ከዚያ ሌሊት የምወደው ነገር ግን አለ። ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ቆሞ አንድ እንስሳ በላ ወይስ ተወ፣ ፈራ ወይስ ደፈረ እያለ በትዕግሥት ያያል። በየግቢያችን ላለው ውሻና በየጓዳችን ላለችው ድመት የዚህን ትዕግሥት ሩቡን ብንሰጥ የሥራዬን ግማሽ ታቀሉልኝ ነበር።

አብዛኛው ሰው ወደ እኔ የሚመጣው የምልክቱን ስም ይዞ ነው። «ዶክተር፣ ውሻዬን ያስመልሰዋል፣ ማስመለስ የሚያቆም ይስጡኝ።» «ድመቴን ያሳክካታል፣ የእከክ መርፌ ይውጉልኝ።» እኔ ደግሞ ስለ ወጡ፣ ስለ አይጡ፣ ስለ ውኃው ጀሪካን፣ ስለ ጎረቤቱ ግቢ እጠይቃለሁ። «ስለ ውሻ ብነግራቸው ስለ ሽንኩርት ይጠይቁኛል» ብለው የሚታዘቡኝ እንዳሉ ሰምቻለሁ። የዛሬው ንግግሬ ለእነሱ መልስ ይሁን። ማስመለስ፣ ማከክ፣ ማነከስ፣ መድማት ለብቻቸው የበሽታ ስም አይደሉም። ሰውነት ለደረሰበት ነገር የሚሰጠው ምላሽ ናቸው። የደረሰበት ነገር ምን እንደሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ወይም ሊያውቅ የሚችለው ባለቤቱ ነው።

ከአንድ ምልክት ልነሳ፤ ከነስር። የውሻ አፍንጫ ሲደማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «በድንጋይ መቱት» ብሎ ነው። ግምቱ ሁልጊዜ ሐሰት ነው አልልም፤ የሰፈራችንን ልጆች እናውቃቸዋለን። ከሐረርና ከዙሪያዋ የሚነስረው ውሻ ሲመጣልኝ ግን ከድንጋዩ በፊት ሦስት ነገሮችን አስባለሁ።

የመጀመሪያው አልቅት ነው። ውሻው ከምንጭ፣ ከኩሬ ወይም ከመስኖ ቦይ ሲጠጣ ክር የምታክል አልቅት አብራ ትገባና አፍንጫው ውስጥ ወይም ጉሮሮው ላይ ትለጠፋለች። ደም እየመጠጠች ትወፍራለች። ስትነክስ የምትለቀው ፈሳሽ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ቀጭን ደም ይንጠባጠባል። ውሻው ያስነጥሳል፣ ራሱን ያራግፋል፤ ከዚያ በቀር ይበላል፣ ይጮኻል፣ እንግዳ ያባርራል። ይህ ደህና መምሰሉ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው። ከገጠር አህያና በቅሎ እየነዱ ወደ ገበያ የሚመጡ ሰዎች ይህን ጉዳይ ሐኪም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። መድኃኒቱ አልቅቷን መዝዞ ማውጣት ነው። እንስሳው ለጥቂት ሰዓት ውኃ ተከልክሎ ቀዝቃዛ ውኃ ሲቀርብለት ራሷ ብቅ የምትልበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ በመቆንጠጫ መያዝ ነው።

ሁለተኛው መዥገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቡናማው የውሻ መዥገር ኤርሊኪያ የተባለ ባክቴሪያ ያስተላልፋል። ባክቴሪያው ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ገብቶ ይኖራል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶችም ቁጥራቸው እየወረደ ይሄዳል። ውሻው ያተኩሰዋል፣ ይከሳል፣ ድዱ ይነጣል፣ በሆዱ ቆዳ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፣ በመጨረሻ ይነስራል። መዥገሩ ከነከሰበት ቀን እስከ ነስሩ ቀን ወራት ሊያልፉ ስለሚችሉ ባለቤቱ ሁለቱን አያገናኛቸውም። ሕመሙ መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1935 በአልጄሪያ ነበር። ዓለም የደነገጠው ግን በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ የአሜሪካ ጦር የሠለጠኑ ውሾች እየነሰሩ ከመቶ በላይ ሲያልቁበት ነው። ብርቱ ጉዳት የደረሰባቸው ጀርመን ሼፐርዶች ነበሩ፤ ዛሬ በየግቢው ለጥበቃ የምንወደው ዝርያ ማለት ነው።

ይህ መዥገር ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ጫካና ሣር አያስፈልገውም፤ ቤት ውስጥ ይራባል። ደም ጠጥቶ ሲጠግብ ከውሻው ይወርድና ግድግዳ ላይ ወጥቶ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፤ ሴቷ እዚያ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እስቲ ስንጥቅ የሌለው የድንጋይ ግንብ በሐረር አሳዩኝ። ለውሻው ዶክሲሳይክሊን የተባለውን መድኃኒት ለሳምንታት እሰጠዋለሁ፣ ይሻለዋል፤ ተመልሶ ከዚያው ካብ ሥር ይተኛል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ባለቤቱ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይለኛል። መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ካቡን ግን ያከመው የለም። ስንጥቁ ካልተመረገ፣ የማደሪያው ጨርቅ ካልተቃጠለ፣ ውሻው በየወሩ ፀረ መዥገር ካልተደረገለት እኔና እሱ እየተገናኘን እንኖራለን።

ሦስተኛው የአይጥ መርዝ ነው። በገበያ ከሚሸጡት መርዞች አንደኛው ዓይነት የሚሠራው ሰውነት ቫይታሚን ኬን እንዳይጠቀም በመከልከል ነው። ያለ እሱ ደም አይረጋም። ጉዳቱ ግን መርዙ በተበላበት ቀን አይታይም፤ ሰውነት ያጠራቀመው እስኪያልቅ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይወስዳል። ማክሰኞ የበላው ዓርብ ወይም ቅዳሜ ይነስራል፣ ያነክሳል፣ ይደክማል፣ ደም ወደ ደረቱ ከፈሰሰ ትንፋሹ ያጥረዋል። ማክሰኞን ማን ያስታውሳል? ደግሞ መርዙን ያስቀመጠው ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ድመቷ የበላችውም መርዙን ሳይሆን መርዝ የበላውን አይጥ ሊሆን ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት በቫይታሚን ኬ ይድናል፤ ሕክምናው ግን ሳምንታት ይፈጃል።

እንግዲህ ሦስት ውሾች በአንድ ምልክት መጡ። አንዱ መቆንጠጫ፣ አንዱ ዶክሲሳይክሊን፣ አንዱ ቫይታሚን ኬ ይፈልጋል። ባለቤቱ ከመምጣቱ በፊት «ሕመሙን ያስታግሥለት» ብሎ ዳይክሎፌናክ ወይም አስፕሪን ሰጥቶት ከሆነ ደግሞ መድማቱን አባብሶታል።

ለቀረበልን ምልክት ቅርባችን ያለውን ምክንያት መስጠት የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። ከዚህ ብዙ ሳይርቅ ጀጎል ውስጥ በስሙ ሙዚየም የቆመለት ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ የዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 መጀመሪያ እዚሁ ሐረር ሳለ ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር። የደም ሥር ማበጥ መሰለው። ለእናቱ ጽፎ እግርን አጥብቆ የሚይዝ ካልሲ እንድትልክለት ለመናት፤ ጥፋቱንም በእግር ጉዞ፣ በፈረስና በአየሩ ላይ ጣለው። ጉልበቱን በጨርቅ እያሰረ ሥራውን ቀጠለ። በሚያዝያ በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ዘይላ ወሰዱት፤ በግንቦት ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በኅዳር በ37 ዓመቱ ሞተ። ሕመሙ ካንሰር ነበር። የተማረና የሚናገር ሰው ስለ ራሱ እግር ይህን ያህል ከተሳሳተ፣ ስለማይናገር እንስሳ የምንሰጠው ግምት ስንት ጊዜ ይስታል?

ቡዳ በር ባላት ከተማ ቆሜ የዓይንን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። ሁለት ወር የሞላው የሚያምር ቡችላ ይመጣል። እንግዳ ሁሉ «ሲያምር!» ይላል። በሳምንቱ ምግብ ይተዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ደም የተቀላቀለበት ክፉ የሚሸት ተቅማጥ ይይዘዋል፣ በሦስት በአራት ቀን ይሞታል። ቤተሰቡ ሌላ ቡችላ ያመጣል፤ እሱም ይሞታል። «ይህ ግቢ ውሻ አይበረክትበትም» ይባላል። እኔ በዚህ አባባል አልስቅም፤ ትክክለኛ ትዝብት ነውና። ግቢው እውነትም ይገድላል። የሚገድለው ፓርቮ የተባለው ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ላይ ድንገት ተነሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ አህጉራትን ያዳረሰ ሲሆን፣ ከሞተው ቡችላ ተቅማጥ ጋር አፈር ላይ ወርዶ ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይሞት ይቆያል። ተራ ሳሙና አይበግረውም፤ በረኪና ግን ይገድለዋል። ሁለተኛውን ቡችላ የገደለው የመጀመሪያው ቡችላ የተኛበት ወለል ነው። ስለዚህ ወለሉና ዕቃው በበረኪና ይታጠብ፣ አዲሱ ቡችላ ወደ ግቢው ከመግባቱ በፊት ክትባቱን ይጨርስ። ክትባቱ አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚበቃ አይደለም፤ ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ የመጀመሪያዎቹን ክትባቶች ስለሚያከሽፍ እስከ አራት ወሩ ድረስ በየሦስትና አራት ሳምንቱ መደገም አለበት። «አንዴ አስከትቤው ነበር፣ ሞተብኝ» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ማድ ቤት እንግባ። ውሾቻችን የሚበሉት የእኛን ትራፊ ነው፤ የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ቢቁላላም ቢደርቅም ኃይሉን አያጣም። ለውሻ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም፣ ለድመት 5 ግራም ያህል ሽንኩርት ደሙን ለመጉዳት ይበቃል። አስቡት፤ 15 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 225 ግራም ማለት ነው። ይህ ለበዓል ዶሮ ወጥ ከምንከትፈው ሽንኩርት ጋር ሲተያይ ምን አላት? በበዓሉ ማግሥት ድስቱ ተጠርጎ ለውሻው ይደፋለታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል ወይም ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። «ሥጋ በዝቶበት ነው» ይባላል። በበዓል ሰሞን ይህን ታሪክ ስለምጠብቀው ስለ ሽንኩርት የምጠይቀው ለዚህ ነው።

የድመት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ይህን ስል ሥጋ ትወዳለች ማለቴ ብቻ አይደለም። ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ አይሠራውም፤ ታውሪን ደግሞ ከእንስሳ ሥጋ እንጂ ከእህል አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1975 ታውሪን ያጡ ድመቶች የዓይናቸው መጋረጃ እየሞተ እንደሚታወሩ ታወቀ። በ1987 ደግሞ በካሊፎርኒያ ፖል ፓዮን የተባለ የእንስሳት ሐኪምና ባልደረቦቹ ልባቸው እየሰፋ የሚሞቱ ድመቶች የጎደላቸው ይኸው ታውሪን መሆኑን አሳዩ። ከዚያ በፊት ያ የልብ ሕመም መንስኤው የማይታወቅ የድመት ዕጣ ይመስል ነበር። የሚገርመው ድመቶቹ የሚበሉት በፋብሪካ የተዘጋጀ ውድ ምግብ መሆኑ ነው።

በእኛ ቤት ጾም አለ። ቤተሰቡ ሁዳዴን 55 ቀን ሲጾም ድመቷም ሽሮ ፍትፍት ይቀርብላታል። በአንድ ሁዳዴ ዓይኗ አይጠፋም፤ የጓዳ ድመት ከሆነች ደግሞ አይጥና ወፍ እያደነች ጾሙን በግሏ ትገድፋለች። ችግሩ ያለው በር ተዘግቶባት ዓመቱን ሙሉ እንጀራና ወተት በምትቀርብላት ድመት ላይ ነው። ዕቃ ላይ ስትጋጭ፣ ለመዝለል ስትፈራ «አረጀች» ከማለታችሁ በፊት ምን እንደምትበላ አስቡ። ጾማችሁን ለእሷ አትጫኑ፤ አንድ ቁራጭ ዓሣ ወይም የዶሮ ልብ ይበቃታል።

ሥጋ ብቻ መስጠትም ሌላ ጉዳት አለው። አቅም ያለው ሰው ለሚያድግ ቡችላ ወይም ለትንሽ ድመት አጥንት የሌለው ቀይ ሥጋ ብቻ ሲሰጥ ካልሲየም ይጎድላል፤ ሰውነት የጎደለውን ከራሱ አጥንት ይመዘዋል። እንስሳው ያነክሳል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ ከወንበር ቢዘል እግሩ ይሰበራል። ሰው እግሩን ያስራል፤ ሊስተካከል የሚገባው ሳህኑ ነው።

ስለ ውኃ አንድ ነገር ልበል፤ የሐረር ሰው ስለ ውኃ ሲነገር ቶሎ ይገባዋል። ሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ቧንቧችን ባዶ የቀረበትን ዘመን የረሳ የለም። ውኃ በጀሪካን ሲገዛ የድመት ሳህን የሚታወሰው መጨረሻ ነው። ወንድ ድመት ትንሽ ሲጠጣ ሽንቱ ይወፍራል፤ ፊኛው ውስጥ አሸዋ መሰል ነገር ይጠራቀምና ጠባቡን የሽንት ቧንቧ ይዘጋዋል። ድመቱ እየተመላለሰ አሸዋ ላይ ቁጢጥ ይላል፣ ያምጣል፣ ይጮኻል፣ ብልቱን ይልሳል። ቤተሰቡ «ሆዱ ደርቆ ነው» ብሎ ዘይት ያጠጣዋል። እባካችሁ ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ፦ እያማጠ ሽንት የማይወጣው ወንድ ድመት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል። ፖታሲየም በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ልቡን ያቆመዋል። ለነገ የሚባል አይደለም፤ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይቀስቀስ።

ወደ ቆዳ ልለፍ። የሚያክክ ውሻ እዚህ አገር የተለመደ ሕክምና አለው፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት። ዘይቱ አንዳንዱን ተባይ ያፍነው ይሆናል፤ ውሻው ግን ይልሰዋል፣ በቆዳውም ይሰርጋል፣ ጉበቱንና ኩላሊቱን ይጎዳል። ደግሞ ማከክ ሁሉ እከክ አይደለም። ቁንጫ ሊሆን ይችላል፤ ቁንጫ ከሆነ ውሻው ላይ የምታዩት ጥቂቱን ነው። እንቁላሉ፣ እጩና ሙሽሬው፣ ከመቶ 95 ያህሉ፣ ያለው ምንጣፍ ውስጥ፣ መደብ ሥርና ውሻው በሚተኛበት አቧራ ውስጥ ነው። ውሻውን አጥቦ ቤቱን መተው ድካም ነው። እውነተኛው እከክ ሲሆን ግን ምልክቱ የጆሮ ጫፍ፣ ክርንና ቁርጭምጭሚት ላይ ይበረታል፤ ውሻውን የሚያቅፈው ልጅም ክንዱና ሆዱ ላይ ሽፍታ ይወጣበታል። ስለዚህ ስለ ውሻው ስትነግሩኝ «እናንተስ ያሳክካችኋል?» ብዬ ብጠይቅ አትቀየሙ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ መድኃኒቱ ራሱ መንስኤ ሲሆን ነው። ለሰው የተሠራ ክኒን ለእንስሳ ቀንሶ መስጠት ደግነት ይመስላል። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን የሚያስወግድበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል፤ የተለመደችው 500 ሚሊግራም አንዲት ክኒን ድመትን ትገድላለች። ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይዘጋሉ። ባለቤቱ ምን እንደሰጠ ሲጠየቅ ይሸሽጋል፤ ያፍራል። ስለ ጫትም እንዲሁ። ገራባ ለፍየል መስጠት የታወቀ ነው፤ ጫት የበላ ውሻ ግን እንቅልፍ ያጣል፣ ይቅበጠበጣል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይሮጣል፤ መርዝ የበላ ወይም ያበደ ይመስላል። ሐኪም ፖሊስ አይደለም። «በሽታውን ያልተናገረ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ለእንስሳ የሚናገርለት እናንተ ናችሁ፤ እናንተ ከሸሸጋችሁ ማን ይናገር?

እስካሁን ያወራሁት ምልክት ስላለው ሕመም ነው። ምንም ምልክት የማያሳይ ውሻም አለ፤ እሱ ይበልጥ ያሳስበኛል። በዓረፋም በፋሲካም በየግቢው እርድ አለ። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከተገኘ ተቆርጦ ለውሻው ይጣላል። ያ ከረጢት በሺዎች የሚቆጠሩ የትል ራሶች የያዘ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ እያንዳንዳቸው ከግማሽ ሳንቲሜትር ብዙ የማይበልጡ ትሎች ይሆናሉ፤ ውሻውን አያከሱትም፣ አያስመልሱትም። ከስድስት ሳምንት በኋላ እንቁላላቸው በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ በልጅ እጅ፣ ባልታጠበ ሰላጣ ወደ ሰው ይገባል። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው ጉበቱ ላይ ብርቱካን የሚያህል ከረጢት ይገኝበትና ለቀዶ ሕክምና ይተኛል። ውሻውን በየጊዜው የትል ክኒን ማዋጥ መልካም ነው፤ በሚቀጥለው እርድ ያንኑ ሳንባ ከወረወሩለት ግን ክኒኑ በከንቱ ነው። ከረጢት ያለበት ሥጋ ይቃጠል ወይም ጅብም ውሻም ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር።

የእንስሳ ሕመም የቤቱን ሕመም ቀድሞ የሚናገርበት ጊዜም አለ። በጃፓን ሚናማታ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ድመቶች እየተንቀጠቀጡ፣ እየተሽከረከሩ፣ ባሕር ውስጥ እየወደቁ ይሞቱ ጀመር። ሰው በመገረም «የሚጨፍሩ ድመቶች» አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1956 ልጆችና ዓሣ አጥማጆች በዚያው ምልክት ሆስፒታል ገቡ። በ1959 የከተማዋ ፋብሪካ ሐኪም የነበረው ሐጂሜ ሆሶካዋ የፋብሪካውን ፍሳሽ ለአንድ ድመት ከምግቧ ጋር እየሰጠ ያንኑ ሕመም አስነሣባት፤ ድርጅቱ ውጤቱን ሸሸገ። መንግሥት መንስኤው ከፋብሪካው የሚወጣ ሜርኩሪ መሆኑን በይፋ ያመነው በ1968 ነው። ድመቶቹ ግን ከዓመታት በፊት ተናግረው ነበር። በአንድ ሰፈር ያሉ በርካታ ድመቶች በአንድ ሰሞን ሲሞቱ የእኛ ከተማ ልማድ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ መጣል ነው። ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢነገር ምን ይጎዳል? ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ከዚህ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ሳልናገር ከዚህ መድረክ መውረድ አልችልም። በዓለም በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው ይገድላል፤ ከመቶ 99 ያህሉ የሚያዙት ከውሻ ነው። ሁላችሁም የምታውቁት የሚናከሰውን ውሻ ነው። እኔ የምፈራው ሌላውን ነው፤ ዝም የሚለውን። ታችኛው መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሐጩ ይዝረከረካል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ጥግ ይዞ ይተኛል። ባለቤቱ «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበታል» ይልና እጁን ወደ ውሻው አፍ ይከታል። አጥንት የለም፤ የመዋጫው ነርቭ ሽባ ሆኖ ነው፤ ምራቁ ግን ቫይረስ የተሞላ ነው። መንጋጋው የወደቀና መዋጥ ያቃተው ውሻ አፍ ውስጥ ማንም እጁን እንዳያስገባ። ዝጉበትና ጥሩን።

የተነከሰ ወይም ምራቁ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ሰውየው በቅጠልና በሥራ ሥር ሲዘገይ ቫይረሱ በነርቭ ተጉዞ አንጎል ይደርሳል፤ ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም። ነካሹ ውሻ ጤነኛ መስሎ ከታየ አትግደሉት፤ አስራችሁ 10 ቀን ተመልከቱት። በአሥሩ ቀን ውስጥ ካልታመመ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም። ቸኩለው የገደሉት ውሻ ይህን ሊነግረን አይችልም።

እንግዲህ ወደ ሐኪም ስትመጡ ምን ይዛችሁ ትምጡ? ያስመለሰውን በፕላስቲክ፣ ዓይነ ምድሩን በክዳን ዕቃ ይዛችሁ ኑ። መጥቶ መጥቶ የሚጠፋ ምልክት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሳል ወይም መንቀጥቀጥ፣ በሞባይላችሁ ቅረጹት፤ ክሊኒክ ሲደርሱ ሁሉም ደህና ይሆናሉና። ያለፈውን ሳምንት ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ምን እንደበላ፣ የት እንደዋለ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደተረጨ፣ አዲስ እንስሳ ገብቶ እንደሆነ አስታውሱ። የሚመጣው ሰው እንስሳውን በየቀኑ የሚያበላው ይሁን፤ ብዙ ጊዜ አባወራው ውሻውን ይዞ ይመጣል፣ መልሱን የምታውቀው ግን ቤት የቀረችው ልጅ ናት። ከሰጣችሁት መድኃኒት የተረፈውን ከነማሸጊያው አምጡ። የአይጥ መርዝ ካለም ከረጢቱን አትጣሉት፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ስም ለየትኛው መርዝ የትኛውን መድኃኒት እንደምሰጥ ይነግረኛል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።